ስንቁ ጥቂት መንገዱ ረጅም፤ የሐይቁ መምህር የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሕይወት

ከወልድያ ተነሥቶ በአውራው ጎዳና ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሲሪንቃን፣ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ ደሴ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በስተግራው በተራሮች መካከል የተኛ ሰፊ ውኃ ያያል። ይህ የሐይቅ ባሕር ነው። ከእኛ መካከል በአውቶቡስ መስኮት ያላየው ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንገቱን አዙሮ አይቶት ያልፋል እንጂ፣ በዚያ ውኃ መካከል የነበረው ደሴት አገራችን ካፈራቻቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። የትምህርት ቤታችን በዓል ሲከበር ስለ ትምህርት ቤት መጻፍ ተገቢ መስሎ ስለ ታየን፣ የዚያን ደሴት መምህር የአቡነ ኢየሱስ ሞአን ሕይወት ለዚህ መጽሔት መርጠናል።

ሌላም ምክንያት አለን። በዛሬው ዘመን የብዙ አገር ወጣቶች ልብሳቸውን በአንድ ቦርሳ ጠቅልለው፣ ቦርሳውንም በጀርባቸው አዝለው፣ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዘው ወደ ሐሩር ክልል ደሴቶች ይሄዳሉ። አንዱ ወደ ዛንዚባር፣ ሌላው ወደ ፊሊፒንስ ይሻገራል። የሁሉም ዋና ሐሳብ በእጃቸው ያለው ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚያቆያቸው ማስላት ነው። የት በርካሽ ይታደራል፣ ምን በርካሽ ይበላል፣ የትኛውን መንገድ በእግር መሄድ ይቻላል ይላሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን በጎረቤታችን፣ ዛሬ ከ770 ዓመት በላይ በሆነው ዘመን፣ አንድ ሳንቲም ሳይዝ ተጉዞ ደሴት የገባ፣ ገብቶም 45 ዓመት ያህል የተቀመጠ ሰው እናውቃለን።

የሐይቅ ደሴት በሐሩር ክልል ነው ማለታችን ሊያስገርም ይችላል። ይሁን እንጂ የጂኦግራፊ ትምህርታችንን ብናስታውስ፣ ሐይቅ የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነ በካርታው ላይ ከብዙዎቹ የፊሊፒንስ ደሴቶች ጋር በአንድ መሥመር ይውላል። ልዩነቱ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ድኻ መንገደኛ ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደበሎ ነበር።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ የተወለዱት በ1200ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ፣ በበጌምድር ውስጥ ዳህና በሚባል አገር ነው። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ ሆነው አገሩን የሚገዙበት፣ የሮሃ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ገና አዲስ የነበሩበት ዘመን ነው። የእናት የአባታቸውን ቤት ትተው የወጡት ወጣት ሳሉ ነው። የሄዱትም ወደ ቅርብ ደብር አልነበረም፤ በትግራይ ምድር ወደሚገኘው ወደ ደብረ ዳሞ ነው እንጂ።

አንባቢዎቻችን ይህን መንገድ በልባቸው እንዲስሉት እንፈልጋለን። በዚያ ዘመን መንገደኛ በኪሱ የሚይዘው ገንዘብ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ያሠሩት የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ከቀረ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ገና አምስት መቶ ዓመት ያህል ይቀረዋል። ግብይቱ በአሞሌ ጨው፣ በሸማ፣ በብረትና በእህል ነበር። አሞሌ ደግሞ ለመንገደኛ ከባድ ሸክም ነው፤ ዝናብም ያሟሟዋል። ስለዚህ ድኻ መንገደኛ የሚይዘው ዘንግ፣ የውኃ ቅልና በስልቻ የታሰረ በሶ ወይም ቆሎ ነበር። ያም ሲያልቅ ማታ በደረሰበት መንደር ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ይናገራል። የመንደሩ ሰው ካለው ያካፍለዋል፤ ከሌለውም ማደሪያ አይነሣውም። ይህ የእንግዳ አቀባበል ልማድ ባይኖር ኖሮ ከበጌምድር እስከ ትግራይ ያለ ጭነት በቅሎ የሚደርስ ተማሪ ባልተገኘም ነበር። የምግቡንም ዓይነት ስናስብ፣ ዛሬ ያለነሱ ወጥና ንፍሮ የማይሠራ የሚመስለን በርበሬ፣ በቆሎና ድንች ያን ጊዜ በአገራችን አልነበሩም። ሁሉም ከአሜሪካ ምድር የመጡት ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ ነው። መንገደኛው ያገኝ የነበረው ገብስ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ነበር።

ደብረ ዳሞ በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተ፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት ታሪኩ የሚጀምር ገዳም ነው። ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ የሚወጣበት ገደል ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ይሆናል። እዚያ አባ ዮሐኒ የሚባሉት አበምኔት ተቀበሏቸው። ኢየሱስ ሞአ በዚያ ሰባት ዓመት ያህል ሲያገለግሉና ሲማሩ ቆይተው መነኰሱ። ከተማሩት ሁሉ በኋላ ለሥራቸው የጠቀማቸው ሁለት ነገር ይመስለናል። አንደኛው የመጻፍ ጥበብ ነው፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብርዕ መጻፍን ያወቁት በዚያ ነው። ሁለተኛው ግን በመጽሐፍ የማይገኝ ነው። ደብረ ዳሞ ውኃ ያልከበበው ደሴት ማለት ነው። እህሉም፣ እንጨቱም፣ ብራናውም፣ የታመመውም ሰው በገመድ ይጎተታል፤ የሚጠጣው ውኃ ከዝናብ ተጠራቅሞ በዓለት ጉድጓድ የሚቀመጥ ነው። ከዚያ የኖረ ሰው አንዲት ቁና እህል ስንት ቀን እንደምታኖር፣ አንድ ጋን ውኃ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ሳያውቅ አይወጣም። ኢየሱስ ሞአ ሐይቅ ሳይደርሱ በደሴት መኖርን የተማሩት በተራራ ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ ያለው ርቀት በአየር መሥመር እንኳ ቢለካ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሰሜን ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ወይ በላስታ ተራሮች ላይ፣ ወይም በራያና በየጁ ቆላ ዳር መምጣት አለበት። በላስታ የሚመጣ ብርዱንና ዳገቱን ይችላል፤ በራያ የሚመጣ ደግሞ ሐሩሩንና የወባውን ነገር፣ በክረምትም አላውሃን የመሰለ ወንዝ ሲሞላ ዳር ተቀምጦ እስኪጎድል መጠበቅን ይችላል። የአላውሃን ሙላት ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የነበሩ አባቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገድል ይህን ጉዞ በተአምር ያስውበዋል። እኛ ደግሞ ተአምሩን ለሚያምኑት ትተን፣ በእግራቸው የሄዱትን መንገድ ብቻ ብናስብ ለአድናቆት ይበቃናል።

ሐይቅ የደረሱት በ1240 ዓ.ም ነው። በደሴቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ነበረ፤ ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ምሥረታውን በዘጠነኛው መቶ ዓመት ያደርጉታል። ኢየሱስ ሞአ ደሴቱን ባዶ አላገኙትም ማለት ነው። ያላገኙት ነገር የተደራጀ ገዳምና ትምህርት ቤት ነው፤ እሱን ራሳቸው አቋቋሙት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ስለ ኑሮው እናስብ። የሐይቁ ስፋት ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ደሴቱ ግን ትንሽ ናት። ብዙ ሰው የሚመግብ እርሻ አይወጣትም። እህል ከማዶ ተለምኖ ወይም ተሠርቶበት በታንኳ መሻገር አለበት፤ ማገዶም እንዲሁ ነው። ማዕበል በተነሣ ቀን ታንኳ አይወጣም፤ ታንኳ ካልወጣ የሚበላው ትናንት የተረፈው ነው። ባሕር የከበበው ሰው ውኃ አያጣም፤ ሌላው ሁሉ ግን በልክ ነው። ኢየሱስ ሞአ ለራሳቸው የመረጡት ኑሮ ከዚህም ያነሰ እንደ ነበረ ገድላቸው ይናገራል። ጾሙ ረጅም፣ እንቅልፉ አጭር፣ የእጅ ሥራው ብዙ ነበር። ይህን የሚያነብ ተማሪ ነገሩ የቅዱሳን ብቻ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኛ ግን በዚህ ውስጥ አንድ የአስተዳደር ብልሃት ይታየናል። መምህሩ የሚበላው ከተማሪው ያነሰ ከሆነ፣ ስለ ምግብ ማነስ የሚያጉረመርም ተማሪ አይገኝም።

ተማሪዎቹም እንደ መምህራቸው በእግራቸው ነው የመጡት። ከሸዋ፣ ከአምሐራ፣ ከላስታና ከበጌምድር፣ አኩፋዳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ደበሎ ለብሰው የመጡ ነበሩ ብንል የአገራችን ተማሪ ለብዙ መቶ ዓመት የኖረበትን ሥርዓት መናገራችን ነው። ይህ ልማድ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በሀብሩ ውስጥ ዳና ወደሚባለው ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ስፍራ ከሩቅ አገር ይመጡ የነበሩ ደረሶችም የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ መንደሩ ያበላቸዋል፣ እነሱም ይማራሉ። ዛሬም ቢሆን ከመካከላችን ከገጠር መጥተን በከተማ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተን የምንማር አለን። ቅዳሜ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ እሑድ ማታ እናቶቻችን የጋገሩትን እንጀራ፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክመን እንመለሳለን። እስከ ሐሙስ ከደረሰልን ደኅና ነው። ዓርብን የሚያውቀው ዓርብ ነው።

ከደሴቱ ተማሪዎች መካከል ከሁሉ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ለብዙ ዓመታት ተቀመጡ፤ ከዚያም መምህራቸው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በመጨረሻ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። ሌላው ተማሪ አባ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ ጣና ተሻግረው በዳጋ ደሴት የእስጢፋኖስን ገዳም አቋቋሙ። የቅዱሱ ስም አንድ፣ ስፍራውም ደሴት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በትንሽ ስንቅ በውኃ መካከል መኖር እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ከመምህር ወደ ተማሪ ተላልፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ለራሳቸው ምንም ያላከማቹት ኢየሱስ ሞአ አንድ ነገር ብቻ አከማችተዋል፤ እሱም መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ በዚያ ዘመን ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ለመረዳት ብራናውን ብቻ ማሰብ ይበቃል። ከአንድ ፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ወንጌል ለመጻፍ አንድ መንጋ ፍየል ያስፈልጋል። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ቅጠል ተቀምሞ ይሠራል፤ ጸሐፊው ወራት ሙሉ ይቀመጣል። እንዲህ ካለው ሥራ በኋላ በሐይቅ የተጠራቀሙት መጻሕፍት በዝርዝር ተጽፈው ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም ከ80 አያንስም። ይህ ዝርዝር በአገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ዛሬ 80 መጽሐፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለእኛ ትንሽ ነው። በዚያ ጊዜ ግን 80 የብራና መጽሐፍ በአንድ ደሴት ላይ ማግኘት የአንድ ባላባት የከብት ሀብት ሁሉ ተቆጥሮ የማይተካከለው ነገር ነበር። እህል እየተለመነ የሚመጣበት ቤት፣ ለመጽሐፍ ግን ያልሰሰተ ቤት ነበር።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ የአራቱ ወንጌል ብራና ነው። በ1273 ዓ.ም የተጻፈና በኢየሱስ ሞአ አማካይነት ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሰጠ ነው። በውስጡ የኢየሱስ ሞአ ሥዕል አለ። ከዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሰው ሥዕል፣ ባለቤቱም በስም የሚታወቅ ሆኖ ሲገኝ፣ እጅግ ብርቅ ነው። ከ1965 ዓ.ም ወዲህ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት በተደረገው ሥራ ይህም ወንጌል ተነሥቷል። ስለዚህ ሊቃውንት በሩቅ አገር ሆነው ሊያነቡት ችለዋል።

በ1262 ዓ.ም የዛጉዌ መንግሥት አብቅቶ ይኩኖ አምላክ ነገሠ። ስለዚህ ለውጥ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ ትውፊት አዲሱ ንጉሥ በልጅነቱ በሐይቅ ደሴት እንደ ተማረና ኢየሱስ ሞአ እንደ ረዱት ይናገራል፤ ሌላው ትውፊት የአስታራቂነቱንና የቃል ኪዳኑን ድርሻ ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለቱ ገዳማት ስለዚህ ክብር ለረጅም ዘመን ተፎካክረዋል፤ ገድሎቹም የተጻፉት ነገሩ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የማያከራክረው ነገር ውጤቱ ነው። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ያዘ፤ ይህም ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ እስከ ግራኝ ዘመን ቆየ። ርስትና ጉልት ተሰጠ። የወርቅና የሐር ዕቃ ወደ ደሴቱ ገባ።

እኛ በዚህ ነገር ላይ ሐሳባችንን እንናገር ከተባለ፣ የሐይቅን ታላቅነት በዐቃቤ ሰዓቱ ማዕርግ አንለካውም። ማዕርጉ የመጣው ትምህርት ቤቱ ከተመሠረተ 20 ዓመት ያህል ካለፈው በኋላ ነው። ተክለ ሃይማኖትን የሳበው ዝና የድኻው ደሴት ዝና ነው፤ ርስት ያለው ደሴት አይደለም። በእርግጥ ርስት ባይኖር ኖሮ የኋለኞቹ መነኮሳት እንደዚያ ብዙ መጽሐፍ ማጻፍ አይችሉም ነበር የሚል ክርክር ከመካከላችን ተነሥቷል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ብራናው ፍየል ይፈልጋል፣ ፍየሉም ግጦሽ ይፈልጋል። 1273 ዓ.ም የተጻፈው ወንጌልም ከንጉሡ ለውጥ በኋላ መሆኑን ክደን አናልፍም። ይሁን እንጂ ሀብቱ ሌላም ነገር አምጥቷል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1286 ዓ.ም ግድም አረፉ። መታሰቢያቸውም በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከሞቱ ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1524 ዓ.ም ግድም፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት የሐይቁ ዳር ደረሰ። በደሴት ላይ ብዙ ወርቅ አለ መባሉ ሩቅ ተሰምቶ ነበር። ለብዙ ዘመን መጠጊያ የሆነው ውኃ ያን ጊዜ አላስጣለም፤ የነገሥታቱ ስጦታ የነበረው ሀብት ከደሴቱ ወጥቶ ሄደ። ወንጌሉ ግን ቀረ። የሰጪው ሥዕል ያለበት ያ ብራና፣ ከወርቁና ከሐሩ ሁሉ በኋላ፣ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ደሴቱ ዛሬ ደሴት አይደለም። የሐይቁ ውኃ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ሲያንስ ይሸሻል። ከጊዜ በኋላ በአንድ ወገን ያለው ውኃ ሸሽቶ ስፍራው ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ስለዚህ ከሐይቅ ከተማ በእግር መግባት ይቻላል፤ ታንኳ አያስፈልግም። ወደ ገዳሙ ውስጥ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለ ሆኑ፣ እኅቶቻችን ውኃውንና ዛፎቹን ከውጭ ሆነው ያያሉ። ከወልድያ ሐይቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ፀሐይ ሳይከርር ይደርሳል። ስንቁን ከቤቱ ቢይዝ የሚያወጣው የመሳፈሪያውን ብቻ ነው።